የማዶው ልቅሶ

ኤንትሬው ሙዝ ጭኖ ከአርባ ምንጭ ሲወጣ ገና ወፍ መንጫጫቱ ነበር። ከሙዙ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል። አንዱ አስር አለቃ አስናቀ ነው፤ የወህኒ ቤት ዘበኛ፣ ከካኪው በላይ አሮጌ ካፖርት ደርቦ ምንሽሩን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። ሁለተኛዋ ሻሺቱ ናት፤ በነፍስ ግድያ ዐሥራ አምስት ዓመት የተፈረደባት። እጇ አልታሰረም። ይህ ራሱ ጥፋት ነበር፤ አስናቀ በዚያ ጠዋት ከፈጸመው ጥፋት አጠገብ ሲታይ ግን ከቁም ነገር አይገባም።

በር ላይ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ ብሎ ነው ያስወጣት። የዕለቱ አዛዥ ሃምሳ አለቃ አለምሰገድ ጥርሱን በመፋቂያ እየፋቀ ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች አይቷቸው ነበር።

«ምን ሆነች?»

«ሆዷን ነው፣ ሃምሳ አለቃ።»

«የዚች ሴትዮ ሆድ አንተ ተረኛ ስትሆን ብቻ ነው የሚያማት?» አለና መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «ስማ አስናቀ፣ ዘመኑ ክፉ ነው። ሰውየው አገር ጥሎ ከወጣ ወዲህ ከላይ ማን እንዳለ እንኳ አላውቅም። ግን እዚህ እኔ አለሁ። ማታ ቆጠራ ላይ ከሌለች በቦታዋ የምትቆጠረው አንተ ነህ። ወንድሜ ብትሆንም አልምርህም።»

አስናቀ እግሩን ገጥሞ ሰላምታ ሰጠና ወጣ። ግንቦት ሰማንያ ሦስት ወደ ማለቁ ነበር። ፕሬዚዳንቱ መሄዳቸውን ሬዲዮ ከተናገረ ወዲህ ከተማው በሹክሹክታ ይውላል፤ ሰው ለሰላምታ እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። አስናቀ ግን መንግሥት ሲወርድ ሕግ አብሮ ይወርዳል ብሎ የሚያስብ ሰው አልነበረም። ከጎጃም ወጥቶ እዚህ ሲመደብ ጢሙ ገና አልጠናም ነበር፤ እስኪሸብት ድረስ እስረኛ አምልጦበት፣ ሰዓት አሳልፎ፣ ቁልፍ ጥሎ አያውቅም። ጓደኞቹ «አስናቀ በሕልሙም ይቆጥራል» እያሉ ያሾፉበት ነበር። ሚስቱ ውቢት እውነት ነው ትላለች።

እንዲህ ያለውን ሰው ሕግ ያስጣሰው አንድ ቃል ነው። ሰሞኑን የሻሺቱ አገር ሰው የሆነ ሸማኔ ኩታ ሊሸጥ ወርዶ፣ በወህኒ ቤቱ አጥር ቀዳዳ መርዶ ነግሯት ሄደ። አንድያ ልጇ አንጁሎ ሰሜን ግንባር ሞቷል። ሬሳው የለም፤ ልቅሶው በልብሱ ይለቀሳል፤ ቀኑም ተቆርጧል። ሻሺቱ በዚያን ጊዜ አልጮኸችም። በማግስቱ አስናቀ በር ሲከፍት መጥታ ፊቱ ቆመችና «ጌታዬ፣ ልጄን ላልቅስ» አለችው። ይህችን ብቻ።

ምን ማለቷ እንደሆነ መጠየቅ ነበረበት። አልጠየቀም። ደግ ሰው ደግነቱ ሲነሳበት ጥያቄ አያበዛም። የአስናቀ እናት ሞጣ ስትሞት ፈቃድ ጠይቆ «አገር ጦርነት ላይ ነው፣ ጓድ፣ አንተ ስለ ቀብር ታወራለህ» ተብሏል። ለተዝካሯም አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ የቀረበት ሰው ሲያይ አንጀቱ አይችልም። እናቴን ከልክለውኛል፣ እኔ ይህችን ሴት አልከለክልም አለ በልቡ፤ ልቡም ያለውን ለማንም ሳይናገር ቀኑን ጠበቀ።

«ሐኪም ቤቱ አለፈን» አለች ሻሺቱ፣ ኤንትሬው ወደ ሰሜን ሲታጠፍ።

«ሐኪም ቤት አይደለም የምንሄደው።»

«የት ነው?»

«አገርሽ ነዋ። የልጅሽ ልቅሶ ዛሬ አይደል? አልቅሰሽ ከሰዓት እንመለሳለን። እንዳትጠፊብኝ ብቻ። ከጠፋሽ እኔ አለቀልኝ፤ ልጆች አሉኝ።»

ሻሺቱ ዓይኗን አፍጥጣ አየችው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ወደ አባያ ዞረች። ሐይቁ በስተቀኝ እንደ ጭቃ ቀልቶ ተንጣሏል። አስናቀ ዝምታዋን ከምስጋና ቆጠረውና ደስ አለው።

ላንቴ ላይ ኬላው በገመድ ተዘግቷል። አንድ ወታደር ክላሹን አንግቶ ወደ መኪናው መጣ። ልጅ ነው፤ ጫማው አፉን ከፍቷል፤ ከንፈሩ ደርቋል። አስናቀ ሌሊቱን ሲያዘጋጅ ያደረውን ውሸት ሊናገር አፉን ሲከፍት ሁሉም ጠፋበት።

«ማን ናት?» አለ ወታደሩ።

«እሷማ...»

«እናት ነው» አለች ሻሺቱ። አማርኛዋን የተማረችው ወህኒ ቤት ነው፤ ሲያሻት ሴቱን ወንድ፣ ወንዱን ሴት ታደርጋለች። «ልጄ ወታደር ነበር። ሞተ አሉ። ልቅሶው ላይ እየሄድን ነው።»

«የት ሞተ?»

«በሰሜን በኩል።»

«ስንተኛ ክፍለ ጦር ነበር?»

«አላውቅም። ማን ይነግረኛል?»

ወታደሩ ወደ ሰሜን በኩል ተመለከተ፤ እዚያ የሚታይ ነገር ያለ ይመስል። ከሙዙ ጫፍ አንድ ዘለላ ገንጥሎ ብብቱ ውስጥ ከተተና ገመዱን አወረደ። አስናቀ ስለ ካፖርቱም፣ ስለ ምንሽሩም፣ ስለ ካኪውም ሳይጠየቅ አለፈ። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲዋሽ ሲይዝ የኖረ ሰው፣ ሲዋሽ የመያዝ ፍርሃት ምን እንደሚመስል ያን ቀን ቀመሰው።

ምዕራብ ዓባያ ላይ ወረዱ። ሾፌሩ «እኔ ሶዶ ከደረስኩ ተመስገን ነው፤ ሲመለሱ ሌላ ይፈልጉ» ብሎ አቧራውን አልብሷቸው ሄደ። የሃለኮ ዛፎችንና የጥጥ እርሻውን ትተው ዳገቱን ያዙ። አስናቀ ከኋላ ነው የሚሄደው። ዓይኑ ከተረከዟ አልተነሳም። በየቁጥቋጦው አጠገብ ሲያልፉ አሁን ትገባለች፣ አሁን ትሮጣለች ይላል። እሷ ግን እንደ ደከመው ከብት ታዘግማለች። አየሩ እየቀዘቀዘ፣ ሙዝና በቆሎው ቀርቶ እንሰትና ገብስ እየመጣ ሲሄድ እርምጃዋ ይበልጥ አጠረ። አገሩ ሲቀርበው እግሩ የሚከብደው ሰው አስናቀ አይቶ አያውቅም፤ ሐዘን ነው ብሎ አለፈው።

ትንፋሽ ሊሰበስቡ አንድ ድንጋይ ላይ ሲያርፉ ነበር ያልጠየቃትን መናገር የጀመረችው።

«ዛባን መግደል አልፈለግኩም» አለች። «እጁን ልመታ ነው። ገመዱን እንዲለቅ። ልጄን አስሮ ይጎትታል። ዘነዘና አነሳሁ። እሱ ጎንበስ አለ።»

አስናቀ በክሷ ላይ ሟቹ ‘የአብዮት ጥበቃ ጓድ’ ተብሎ እንደተጻፈ ያውቃል። ሰው ሆኖ ግን አስቦት አያውቅም።

«ዛባ ክፉ አይደለም» አለች ቀጥላ። «የጎረቤት ልጅ ነው። አንጁሎ ሲወለድ ከሜዳ ሮጦ መጥቶ ቅቤ ያመጣልኝ እሱ ነው። የበላዮቹ ለጦርነት ወጣት አምጣ አሉት። ካላመጣህ አንተ ትሄዳለህ አሉት። ምን ያድርግ? እሱ ፈራ። እኔም ፈራሁ።»

«ልጁስ? ያን ቀን አመለጠ?»

«እኔን አሰሩ። እሱንም ወሰዱ። ዛባም ሞተ። አሁን ልጄም ሞተ። ዘነዘናው ብቻ ቤት አለ።»

ተነስተው እስከ ወንዙ ድረስ ወጡ።

ወንዝ ማለት ማክበር ነው እንጂ ሰው በአንድ ዝላይ የሚያልፈው ጅረት ነው። አንድ ግንድ እንደ ድልድይ ተጋድሞበታል። ማዶ ቀርከሃና እንሰት፣ ከዚያ በላይ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው በላይ ሰፊ ሜዳ አለ። ልቅሶው ከዚያ ይሰማል። የሴቶቹ ድምፅ እየወጣ ይወርዳል፤ ወንዶቹ ጦር ይዘው ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ እየሮጡ ይፎክራሉ፣ ይመለሳሉ። አስናቀ ደረስን ብሎ ተነፈሰ። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ቶሎ አልቅሳ ቶሎ ከወረዱ ለቆጠራ ይደርሳሉ።

ሻሺቱ ከግንዱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ተነሺ፣ ደረስን» አላት።

«አዎ፣ ደረስን። የኔ እዚህ ነው።»

«እዚህ ምን አለ? ልቅሶው ማዶ ነው እኮ።»

«አልሻገርም።»

አስናቀ መጀመሪያ አልገባውም፤ ከዚያ ተናደደ። ጠዋቱን ሙሉ ትሮጥብኛለች ብሎ የፈራት ሴት አሁን አትንቀሳቀስም። ክንዷን ይዞ ወደ ግንዱ ጎተታት። በአንድ እጇ የቀርከሃ ግንድ አቀፈች። «ለዚህ ነው እንጀራዬን ያስያዝኩት? ለዚህ ነው አለምሰገድን የዋሸሁት? ተሻገሪና ልጅሽን አልቅሺ!» አለና እንደገና ጎተታት። አንድ እግሯ ግንዱ ላይ ወጣ። ያን ጊዜ እንደሚታረድ በግ ያለ ድምፅ አወጣች። አስናቀ ደንግጦ ለቀቃት።

ወደ ኋላ ተንፏቃ እንደገና ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስ እንዲህ አለችው፤ «ደም ያለበት ሰው ይህን ውሃ አይሻገርም። ከዛባ ወገን ጋር እሳት አልጫርም፣ ውሃ አልጠጣም፣ አንድ ሜዳ ላይ አልቆምም። ሽማግሌ እስኪያስታርቅ ድረስ ነው። ከተሻገርኩ ጎሜ ነው፣ እርም መጣስ ነው። አገር ይበላሻል። ገብሱ ይጠወልጋል፣ ሴቱ ያስወርዳል። ካዩኝ ልቅሶውን ይበትኑታል። የልጄን ልብስ አንስተው ይሄዳሉ። ልጄ ሳይለቀስ ይቀራል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ተነሺ አልከኝ፣ ተነሳሁ። እስረኛ የት ብሎ ይጠይቃል?» አለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ደግሞ ድምፁን ብቻ ልስማ ብዬ ነው» አለች።

«ያን ዕለት ልጄን ላልቅስ አላልሽኝም?»

«እዚያው ወህኒ ቤት ነዋ። ማልቀስ ክልክል ነው፣ ሌሎቹን ይረብሻል ብላችሁ ነበር። እሱን ፍቀድልኝ ማለቴ ነው።»

አስናቀ ካፖርቱ ከበደው። እውነቷን ነው፤ ሌሊት ለቅሶ ክልክል ነው ብሎ የሚጮኸው ራሱ ነበር። እሷ የለመነችው በገዛ ክፍሏ ጥግ ማልቀስን ነው። እሱ በእናቱ ቁስል ሰምቶ እዚህ ድረስ ጎትቷት መጣ።

በዚህ መሃል ከማዶ አንድ ሰው የገብሱን ማሳ ሰንጥቆ ሲወርድ ታየ። ረጅም ነው፣ ጦር ይዟል፣ ፊቱን አመድ ነስንሶበታል። ሻሺቱ ስታየው በግንባሯ መሬት ላይ ተደፋች።

«ማን ነው?»

«ኤርጫፎ» አለች ከመሬት ሳትነሳ። «የዛባ ታላቅ ወንድም።»

አስናቀ ምንሽሩን አቀባበለ። በሕይወቱ ሰው ላይ ተኩሶ አያውቅም። ሰውየው ከግንዱ ማዶ ጫፍ ደርሶ ቆመ። ብዙ ዓመት ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠራ የኖረ ሰው ነበርና አማርኛው ደህና ነው።

«ወታደር፣ ጠመንጃህን ዝቅ አድርገው። ልቅሶ ላይ ነን።»

«መጀመሪያ ጦርህን አስቀምጥ።»

ኤርጫፎ ጦሩን አየው፤ መያዙን የረሳው ይመስል። መሬት ላይ አላስቀመጠውም። «ማን አመጣት?» አለ።

«እኔ።»

«ልትሻገር ነው የመጣችው?»

«እኔ ነኝ ተሻገሪ ያልኳት። ጎትቻታለሁም። እሷ እምቢ አለች።»

«እምቢ አለች?»

«አዎ። ሞቼ እገኛለሁ አለች።»

ኤርጫፎ ወንዙ ዳር ቁጭ አለ። ጦሩን ከጎኑ አጋደመው። «ከጠዋት ጀምሮ ይህን ውሃ ስጠብቅ ነው የዋልኩት» አለ። «እናት ናት፣ መርዶውን ሰምታለች፣ ትመጣለች አልኩ። ብትሻገር ልወጋት ነበር። የወንድሜ ደም ነው፣ ዝም ብል ሰው ምን ይለኛል? ከወጋኋት ደግሞ እኔም እንደሷ አገር አልባ ነኝ። ልጆቼን ማን ያሳድጋቸዋል እያልኩ ነው ያለቀስኩት። ሰዎቹ ለአንጁሎ የማለቅስ መስሏቸዋል።»

አስናቀ ሌላ ሬሳ ሊያስተኛ እንደነበር አሁን ነው የገባው፤ ያውም ለጽድቅ ብሎ።

«ለአንጁሎም አልቅሻለሁ» አለ ኤርጫፎ። «ሽመና ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እጁ ፈጣን ነበር፣ ትዕግሥት ግን አልነበረውም።» ሻሺቱን አላያትም። ሲናገርም ከአስናቀ ጋር ነው፤ እሷን በስሟ መጥራት አይገባውም። ተነስቶ ጦሩን ሳያነሳ ጥሎት ወደ ላይ ሄደ።

ቆይቶ ልቅሶው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሜዳው ላይ የነበረው ሕዝብ በገብሱ ዳር ዳር አድርጎ ወደ ታች ወረደና ከወንዙ በላይ ባለው ተረተር ላይ ቆመ። ማንም ወደ ወንዙ አልቀረበም። ሁለት ጎልማሶች በሁለት ጦር ጫፍ ላይ አንድ ቡልኮ ወጥረው ከፊት አቆሙ። ነፋሱ ሲነካው ይነፋል፣ ይረግባል።

ሻሺቱ ቀና አለች። ጥጡን የፈተለችው እሷ ናት። የሠራው አንጁሎ ነው፤ ከኤርጫፎ መሸመኛ ጉድጓድ የወጣ የመጀመሪያ ሥራው። አንደኛው ጠርዝ ጠማማ ነው። ያኔ ኤርጫፎ ፍታና እንደገና ሥራ ቢለው «እናቴ ትለብሰዋለች፣ እሷ ጠማማ አትልም» ብሎ እምቢ አለው። ሻሺቱ ይህን ለአስናቀ የነገረችው በኋላ ነው። በዚያን ሰዓት «ጠርዙ፣ ጠርዙን አየህ?» ብቻ ነበር የምትለው።

ከዚያ አለቀሰች። ወህኒ ቤት ያላለቀሰችውን፣ ዘነዘናውን ካነሳችበት ቀን ጀምሮ የያዘችውን ሁሉ አወጣችው። ፀጉሯን ነጨች፣ ደረቷን መታች፣ በወንዙ ዳር ወደ ላይና ወደ ታች ሮጠች፤ እንዲያ ስትሮጥ እንኳ እግሯ ውሃውን አልነካም። እሷ ስታቆም የማዶዎቹ ሴቶች ይቀበሏታል፤ እነሱ ሲያቆሙ እሷ ትቀበላለች። ከነሱ መካከል አንዲት አሮጊት ብቻ አፏን ዘግታ፣ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ቆማለች። የዛባ እናት መሆኗን ማንም ሳይነግረው አስናቀ አወቀ። እሱም ምንሽሩን ቀርከሃው ላይ አስደግፎ ለገዛ እናቱ አለቀሰ። ማንም አላየውም፤ ቢያየውም አያፍርም ነበር።

ፀሐይ ስታዘነብል ኤርጫፎ ብቻውን ተመልሶ ወረደ። ከወንዙ ዳር የእርቅ ምልክት የሆነ እርጥብ ሣር ነቅሎ በእጁ ይዟል። አልሰጠም፤ ያዘው ብቻ።

«ወታደር፣ ይህን ንገርልኝ» አለ፣ ሻሺቱ ራሷ የምትሰማበት ርቀት ላይ ብትሆንም። «እምቢ ማለቷን ሽማግሌዎቹ ሰምተዋል። ይነጋገራሉ። እናቴ ገና ናት፤ ልቧ አልበረደም። እሺ ካለች ሣር ይዘን እንወርዳለን። የት እናገኛታለን?»

«ወህኒ ቤት» አለች ሻሺቱ ወደ መሬት አቀርቅራ።

«ከዚያ እንዳትጠፋ። ሽማግሌ ለእርቅ ሄዶ ሰውየውን ካጣ ሁለተኛ አይሄድም። ንቀት ነው ይባላል።»

«አትጠፋም» አለ አስናቀ። «ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ።» ይህንን ሲል በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግጠኝነት ተናገረ። እሷን ማስቀመጥማ ሥራው ነው።

ቁልቁለቱን እየተንደረደሩ ወርደው ምዕራብ ዓባያ ሲደርሱ መንገዱ በወታደር ተሞልቶ አገኙት። ከሰሜን በኩል ይመጣሉ፤ በመኪና፣ በእግር፣ መሪ የላቸውም። አንዱ ከመሬት ተቀምጦ የደረት ምልክቱን በጥርሱ እየበጠሰ ነው። «አዲስ አበባ ዛሬ ጠዋት ገቡ» አለ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። «አለቀ። ሁላችሁም ወደ ቤታችሁ።»

ሌላ ልጅ እግር ወታደር አስናቀ ፊት ቆመ። «ጋሼ፣ ካፖርትህን ስጠኝና ክላሼን ውሰድ። በዚህ ልብስ የት እሄዳለሁ? መንገድ ላይ ይገድሉኛል።»

«እኔስ ከሥሩ ምን የለበስኩ መሰለህ?» አለና አስናቀ ካፖርቱን ከፍቶ ካኪውን አሳየው።

ልጁ ሊሄድ ሲል ሻሺቱ የአስናቀን እጅጌ ያዘች። «ስጠው» አለችው። «የኔም ልጅ እንዲህ ብሎ ለምኖ ይሆናል። ማን ያውቃል?»

አስናቀ ካፖርቱን አወለቀ። ክላሹን አልወሰደም። ልጁ ለብሶት ዳር ዳሩን ሲሄድ ከኋላው ሲታይ የአገር ቤት ነጋዴ ይመስል ነበር። እነሱም ወደ ደቡብ በሚበር ወታደራዊ መኪና ላይ ተንጠልጥለው ተመለሱ፤ ማን ናችሁ ያላቸው የለም፤ ላንቴ ላይ የኬላው ገመድ ተቆርጦ አቧራ ውስጥ ተጋድሟል።

ለቆጠራ ሰዓት ደረሱ። የሚቆጠር ግን አልነበረም። የወህኒ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ የተገለበጠ የወጥ ድስት፣ አንድ ነጠላ ጫማ፣ የተቀደደ ሰሌን ተበታትኗል። እስረኛውም ዘበኛውም ሃምሳ አለቃ አለምሰገድም ሄደዋል። የአለምሰገድ ካኪ የዘብ ክፍሉ ወንበር ላይ በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። አስናቀ ኪሱን ዳበሰ፤ የሴቶቹን ክፍል ቁልፍ ይዟል። ጓጉንቸሩን ግን አንዱ ነቅሎ ወስዶታል።

ውቢት በሩ አጠገብ ቆማ ትጠብቀው ነበር። በእጇ የሲቪል ልብሱን ጠቅልላ ይዛለች። ስታየው አምላኳን አመሰገነችና ወዲያው ተቆጣች። «ካፖርትህስ? በካኪ ነው እንዴ ከተማውን አቋርጠህ የመጣኸው? ቶሎ ቀይር። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ ይገባሉ ይባላል። በዚህ ልብስ ካገኙህ የማንን በር ትጠብቅ ነበር ብለው ይጠይቁሃል።»

አስናቀ ወደ ሻሺቱ ዞረ። «በቃ» አላት። «ነፃ ነሽ። ሂጂ።»

«የት?»

አስናቀ በእጁ ወደ መንገዱ አመለከተ።

«ለኤርጫፎ የት ነው ያልኩት?» አለች።

«ከኛ ቤት ትምጣ» አለች ውቢት። ነገሩ ባይገባትም የሰው ፊት ማንበብ ታውቃለች። «ከልጆቹ ጋር ትተኛለች። የሚፈልጓት ሲመጡ ሰው እንልካለን።»

«እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች ሻሺቱ። «እናንተስ ነገ እዚህ ናችሁ? አገራችሁ ሩቅ ነው፤ ሂዱ ቢሏችሁ ትሄዳላችሁ። ሽማግሌ መጥቶ ይህን በር ያያል። ከሌለሁ ይመለሳል። ልጄ ተለቅሷል፤ የቀረኝ ውሃውን መሻገር ነው። ጠማማውን ቡልኮ መልበስ ነው።» ከዚያ እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ ወደ ሴቶቹ ክፍል ገባች። በሩን ከውስጥ ገፋ አደረገችው፤ የሚይዘው ስለሌለ መልሶ ተከፈተ።

አስናቀ ቁልፉን በመዳፉ ይዞ ቆመ። ጠዋት ሕግ ሲጥስ ሕግ ነበረ። አሁን ሕጉ ራሱ ካኪውን አጥፎ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሄዷል። የቀረው ማዶ ላለው ሰው የሰጠው ቃል ነው። ይህች ሴት ጓጉንቸር በሌለው በር ውስጥ ብቻዋን ስታድር፣ መንገዱ ሁሉ ጠመንጃ በያዘ ሰው ተሞልቶ፣ እሱ ቤቱ ገብቶ መተኛት ይችል እንደሆነ ራሱን ጠየቀ። ፈርቶ ነበር። የሚመጡትን አያውቃቸውም፤ እሱንም የሚያውቁት በልብሱ ብቻ ነው።

«ውቢት» አለ።

«አቤት።»

«ራቱን ለሁለት ሰው አድርጊና እዚህ አምጪው።»

ሚስቱ የሚቆጥር ሰው ማግባቷን ታውቃለች። ጥቅሉን ከእግሩ ሥር አስቀምጣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ሄደች። አስናቀ ጥቅሉን አልፈታውም።

በግቢው ዛፍ ላይ ለቆጠራ ደወል የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ አሁንም አለ። ብረቱን አንስቶ እንደየማታው መታው። ድምፁ ባዶውን ግቢ ዞሮ ተመለሰ። ኮሌጣውን አስተካከለ፣ ሴቶቹ ክፍል በር ላይ ሄዶ እግሩን ገጠመ።

«ሻሺቱ ዳና!»

«አለሁ» አለች ከውስጥ።